የጦር አውሮፕላን መለዋወጫ ሲገመት የሚሠሩ ስህተቶች

ተዋጊ ጄት መሬት ላይ የሚቀረው ሁልጊዜ በከባድ ብልሽት አይደለም። አንዳንዴ ስቶር ውስጥ የታጣ አንድ ፓምፕ ይበቃዋል። ፓምፑ የታጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገና ፍላጎቱ ሲገመት ነው።

አማካይን ማመን። ፓምፑ በዓመት 6 ጊዜ ተጠየቀ እንበል፤ 4ቱ በአንድ ወር፣ 2ቱ ከሰባት ወር በኋላ። ሌላው ሁሉ ዜሮ ነው። አማካዩ «በወር ግማሽ ፓምፕ» ይልዎታል። ግማሽ ፓምፕ የሚጠይቅ ቴክኒሻን ግን የለም። ክሮስተን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው የግምት ዘዴ ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል፦ ጥያቄው በስንት ጊዜ ይመጣል? ሲመጣስ ስንት ይፈለጋል? ለእንዲህ ያለ ዕቃ መነሻዎ ይህ ይሁን።

ከስቶር የወጣውን ብቻ መቁጠር። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። ዕቃ ሲጠፋ ቴክኒሻኑ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ከቆመው አውሮፕላን ፈትቶ ለሚበረው ይገጥማል። መዝገቡ ላይ «ወጪ ዜሮ» ይጻፋል፤ ኮምፒውተሩም ፈላጊ የለውም ብሎ የሚቀጥለውን ግዢ ይቀንሳል። እጥረት እጥረትን ይወልዳል ማለት ነው። ስለዚህ ተጠይቆ የታጣውንና ከሌላ አውሮፕላን የተፈታውንም ይመዝግቡ።

ሁሉንም በበረራ ሰዓት መለካት። ጎማና ፍሬን የሚያልቁት በማረፍ ብዛት ነው። የአብራሪውን የድንገተኛ መውጫ ወንበር የሚያስፈነጥረው ፈንጂ ደግሞ አውሮፕላኑ ቢበርም ባይበርም ቀኑ ሲደርስ ይቀየራል።

ጥገናን ከስሌት ማውጣት። ውድ ዕቃ በአብዛኛው ተጠግኖ ይመለሳል። በወር 2 የራዳር ክፍሎች ቢበላሹና ጥገናው 3 ወር ቢፈጅ፣ ሁልጊዜ 6 ያህሉ መንገድና ወርክሾፕ ላይ ናቸው። ጥገናው ወደ 6 ወር ከተጓተተ 12 ይሆናሉ። ብልሽቱ አልጨመረም፤ ስቶሩ ግን ባዶ ነው። የአሜሪካውን ተዋጊ ጄት ኤፍ-35ን ይመልከቱ። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ሪፖርቱ ጥገና የሚጠብቁ 4,300 ያህል ዕቃዎች ተከማችተው እንደነበር ጽፏል። በ2023 ቁጥሩ ከ10,000 አልፏል። ደግሞ ከተላከው ሁሉ የሚመለስ አይምሰልዎ፤ አይጠገንም ተብሎ የሚወገድም አለ።

የአውሮፕላኑን ስሪት መርሳት። ስሙ አንድ ቢሆንም ሁሉም ዕቃ ለሁሉም አይገጥምም። ያው የ2019 ሪፖርት እንደሚለው፣ የአሜሪካ ማሪን ኮር (የባሕር ወለድ ጦር) ለስምሪት ከተገዛለት የኤፍ-35 መለዋወጫ 44 በመቶው ይዟቸው ለሄዳቸው አውሮፕላኖች አይሆንም ነበር። ዕቃው ከዓመታት በፊት የተገዛ ነው፤ አውሮፕላኖቹ ግን በመሃል ተሻሽለዋል። ስለዚህ ከማዘዝዎ በፊት የዕቃውን ቁጥር ከአውሮፕላኑ የጅራት ቁጥር (እያንዳንዱን አውሮፕላን ከሚለየው መለያ) ጋር ያመሳክሩ።