የፖሊስ ቤተሰብን የሚተርክ መንፈሳዊ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

ወንጀሉ ለጊዜው ይቆይ። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚጀመረው ከቤት ነው። እግዚአብሔርን የሚፈራ ፖሊስ የገባው ቃለ መሐላና የሥጋ ዘመዱ በአንድ ቀን ሲፋጠጡበት ምን ያደርጋል? አንባቢን እንቅልፍ የሚነሳው ይህ ጥያቄ ነው።

1. ቤተሰቡን በማዕረግ ደርድሩት። አባት ጡረታ የወጡ ኮማንደር፣ ታላቅ እህት መርማሪ ኢንስፔክተር፣ ታናሽ ወንድም የትራፊክ ሳጅን ይሁኑ፤ ከተማው ሐዋሳ። ልጁ ቤት ውስጥ «እትዬ» የሚላትን እህቱን ጣቢያ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሊሰጣት ነው። እምነታቸውንም አንድ ዓይነት አታድርጉት። እናት የኦርቶዶክስ አማኝ፣ ሳጅኑ ጴንጤ ቢሆን፣ በጾሙ ቀን በረቡዕ ከአሞራ ገደል፣ ከሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ ገዝቶ የገባ ጊዜ ማዕዱ ይከፈላል። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ሙግት ብቻውን አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል።)

2. ወንጀሉን ከቦታው አውጡት። የታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ከየአገሩ በመጣ ምእመን ሲጥለቀለቅ፣ ሰው ለመሰወርም ሰው ለመፈለግም እንደዚያ የሚመች ቀን የለም። በማግስቱ ጠዋት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት በሚሻሙበት የሐይቁ ዳርቻ፣ መረብ ውስጥ የፖሊስ ኮፍያ ይገኝ። ኮፍያው የማን እንደሆነ ኢንስፔክተሯ ወዲያው ትወቅ፤ አትናገር።

3. ሰዓት አስሩበት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይታሰብም። ዓርብ ማታ አንድ ንጹሕ ጎረቤት በጥርጣሬ ይያዝ። ቀነ ገደቡ እሑድ ማታ ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ እህትየው ቅዳሴ ቆማም ሰዓቷን ታያለች። ችሎት ላይ ፖሊስ የሚጠይቀው ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ «የጊዜ ቀጠሮ» ይባላል። ከውጭ ፊልም የተቀዳ የችሎት ንግግር አታስገቡ።

4. እውነቱን የሚያውቅ፣ ግን የማይናገር ሰው አስገቡ። ለዚህ ከንስሐ አባት የተሻለ የለም። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊ እዚህ ይሰንፍና ካህኑን ፍንጭ ያስጥላቸዋል፤ ያኔ ካህኑም ታሪኩም ይረክሳሉ። ኃጢአተኛው ራሱ እጁን እንዲሰጥ ይምከሩት፣ ይገሥጹት፣ ከዚያ በላይ አይለፉ። በሳጅኑ በኩል ደግሞ የቤት ኅብረቱ አለ፦ «ስሙን አልጠራም፣ አንድ ፈተና ላይ ያለ ወንድም አለና ጸልዩለት» ሲባል ወሬው ይሾልካል።

5. ጸሎት ምርመራውን አይሥራ። በሕልም የታየ ስም ለዐቃቤ ሕግ ማስረጃ አይሆንም። ኢንስፔክተሯ ጸልያ የምታገኘው ድፍረት ይሁን፦ ተጠርጣሪው ወንድሟ መሆኑን ለአለቃዋ አሳውቃ መዝገቡን ለሌላ መርማሪ የምታስረክብበት። ጥቅስም አታብዙ። ዘፍጥረት 4፥9 ላይ ቃየን ስለ ወንድሙ ተጠይቆ የመለሰው ይበቃል፤ እሱንም አባትየው በግማሽ ጀምረው ይተዉት።

እናት ልጇን ይቅር ብትለውም ክሱ አይዘጋ።

ረቂቁ ሲያልቅ ለአንድ ጡረተኛ ፖሊስና ለአንድ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር አስነብቡት። ሁለቱም በአንድ ገጽ ላይ ከተቆጡ ያንን ገጽ እንደገና ጻፉት፤ አንዱ ብቻ ከተቆጣ ግን ምክንያቱን ጠይቁት፣ ምናልባት ጥሩው ገጽ እሱ ይሆናል።