ከአፕዴት በኋላ ኮምፒውተሩ አልነሳ ካለህ፣ ፎርማት ከማስደረግህ በፊት

ደሴ ላይ «ኮምፒውተሬ አልነሳ አለ» ብለህ ጥገና ቤት ከሄድክ መልሱ ሳጥኑ ሳይከፈት ይታወቃል። «ፎርማት ይደረግ።» ሆድ ለቆረጠውም ራስ ለፈለጠውም አንድ ዓይነት ኪኒን እንደማዘዝ ነው። አንዳንዴ ይሠራል። ግን የስንት ዓመት ደብዳቤ፣ የደንበኛ ፎቶ፣ የልጆች ሰርተፍኬት አብሮ ይሄዳል። ችግሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ዲስኩ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ሜጋባይት በማትሞላ ቦታ ነው።

የማወራው ስለ አሮጌ ዴስክቶፖች ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አብዛኞቹን አሮጌ ማሽኖች አልቀበልም ይላል። ስለዚህ ብዙ ሰው ከዊንዶው ጎን ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጭኗል። ሁለቱ አንድ ቤት ሲገቡ በር ላይ ቆሞ «ወደ የትኛው ልውሰድህ?» የሚለው ግረብ ይባላል። አፕዴት ሲደረግ የሚያስቸግረውም እሱ ነው።

ግረብ ሁለት ቁራጭ ነው። አንደኛው ከዲስኩ ግንባር ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያዋ ሴክተር (ዲስኩ የሚከፋፈልባት ትንሿ ቁራጭ) 512 ባይት ናት፣ ከዚያ ውስጥ ለማስነሻ ኮድ የተተወው 446 ባይት ብቻ ስለሆነ የቀረው የግረብ አካል (ኮር ይሉታል) ከመጀመሪያው ፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍል) በፊት ባለችው ባዶ ቦታ ይወሸቃል። ሁለተኛው ቁራጭ ሊኑክሱ ውስጥ፣ ቡት የሚባለው ፎልደር ሥር ያሉት ሞጁሎች (ኮሩ እየጠራ የሚጠቀምባቸው የፕሮግራም ቁራጮች) ናቸው። ቁልፍና ጓጉንቸር በላቸው። አፕዴት ሁለቱንም አንድ ላይ መቀየር አለበት። ጓጉንቸሩ ተቀይሮ ቁልፉ የድሮው ከሆነ በሩ አይከፈትም።

ባለፈው ክረምት ሸዋ በር አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው አንዲት እትዬ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ አፕዴት አድርጊኝ አለኝ፣ እሺ አልኩት፣ ይኸው ጠቁሮ ቀረ።» ስደርስ ከጦሳ የወረደው ጭጋግ በሩ ድረስ መጥቷል፣ ሁለት ተማሪዎች ፍላሽ ይዘው ቆመዋል፣ አንድ ባለሙያ ቀድሞኝ መጥቶ ያንኑ ኪኒን አዝዞ ሄዷል። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር አለ። «ኤረር፦ ሲምቦል ግረብ ካሎክ ኖት ፋውንድ» ይላል። ከሥሩ «ግረብ ሬስኪዩ» እና ብልጭ ድርግም የምትል ሰረዝ።

«ሬስኪዩ ምንድነው?» አሉኝ።

«ማዳን ነው እትዬ።»

«ታዲያ ያድነው እንጂ!»

ይህ መልእክት አዲስ አይደለም። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ቡትሆል የተባለ የግረብ የደህንነት ቀዳዳ ይፋ ሆኖ ማስተካከያው ሲለቀቅ፣ ብዙ አገር ያሉ አሮጌ ማሽኖች በዚሁ መስመር ቆመዋል። ማስተካከያው ሞጁሎቹን ለወጠ። ዲስኩ ግንባር ላይ ያለው ኮር ያልተለወጠባቸው ማሽኖች ላይ አዲሱ ሞጁል አንድ ነገር ይጠይቃል፣ አሮጌው ኮር ደግሞ «የምን ካሎክ?» ይላል። አለቀ።

የእትዬ ማሽን ላይ የሆነው ይህ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ዲስክ አለ። ድሮ የነበረው 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክና በኋላ የተጨመረ ትንሽ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ ዓይነት ዲስክ)። ሊኑክሱ ወደ ኤስኤስዲው ተዛውሯል፣ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ግን አሁንም የሚነሳው ከአሮጌው ዲስክ ነበር። ለዓመታት ሳይታደስ ቆይቶ በመጨረሻ «እሺ» ሲባል አፕዴቱ የጻፈው ኤስኤስዲው ላይ ብቻ ነው። አሮጌው ዲስክ ግንባር ላይ ያለችው ቁልፍ የድሮዋ ሆና ቀረች።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ምን ተበላሸ?» ብለህ አይደለም። «ይህ ማሽን የሚነሳው ከየትኛው ዲስክ ነው?» ብለህ ነው። ለማወቅ መፍቻ አያስፈልግም። አጥፍተህ አብራው፣ ወዲያው የቡት ሜኑውን ቁልፍ ደጋግመህ ምታ። ዴል ከሆነ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 9፣ ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ 12። የዲስኮች ዝርዝር ይመጣልሃል፣ ሌላኛውን ምረጥ። እኛ ኤስኤስዲውን መረጥን፣ የሊኑክሱ አርማ ብቅ አለ፣ እትዬም «አልሃምዱሊላህ» ብለው ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። አትሂድ። ነገ ሲበራ ያው ነው። ባዮስ ገብተህ የማስነሻ ቅደም ተከተሉን አስተካክል፣ ቀጥሎ ሊኑክሱን የትኛው ዲስክ ላይ መጻፍ እንዳለበት ንገረው። ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን ነው የምጽፋቸው፣ አንተ በላቲን ፊደል ነው የምትመታቸው። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈትና «ሱዶ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ግረብ-ፒሲ» በል። ኡቡንቱ፣ ሚንትና ዴቢያን ላይ፣ በድሮው የባዮስ ስልት ለሚነሱ ማሽኖች ይሠራል። አንድ ሁለት ጥያቄ በኢንተር እለፈው፣ ከዚያ የዲስክ ዝርዝር ከነሳጥኑ ይመጣል። ምልክት የምታደርገው በስፔስ ነው፣ በኢንተር አይደለም። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ኢንተር መትቼ ምንም ሳልመርጥ አልፌያለሁ። ሁለቱንም ዲስክ ምረጥ፣ ፓርቲሽኖቹን ግን ተዋቸው። ይህ ዝርዝር ዲስኩን የሚያስታውሰው በሞዴሉና በሴሪያል ቁጥሩ ነው። ዲስክ የቀየረ ወይም ክሎን ያደረገ (እንዳለ ወደ ሌላ የገለበጠ) ሰው አፕዴት ላይ የሚያዘው ለዚህ ነው፤ ሊኑክሱ የሚፈልገው የተነቀለውን ዲስክ ነዋ።

ሌላውን ዲስክ መርጠህም ካልተነሳ መልእክቱን በደንብ አንብብ። «ሲምቦል ኖት ፋውንድ» ከሆነ ሬስኪዩው ላይ ጊዜህን አታቃጥል፣ ሜኑውን ለማምጣት የምትጽፈው ትእዛዝ ያንኑ ሞጁል ስለሚጠራ ያንኑ ስህተት ይመልስልሃል። «ኖ ሳች ፓርቲሽን» ወይም «አንኖውን ፋይል ሲስተም» ካለህ ግን አብሽር፣ ተስፋ አለ። አንድ ሰው ፓርቲሽን አጥፍቶ ወይም ጨምሮ ቁጥሩ ተዛብቶ ይሆናል። «ኤልኤስ» የሚሉትን ሁለት ፊደሎች ጻፍ፣ ፓርቲሽኖቹን በቅንፍ ይዘረዝርልሃል። አንድ በአንድ «ኤልኤስ» ከፊታቸው አድርገህ፣ ከኋላቸው የቡት ግረብን ፎልደር ጨምረህ ሞክር፣ ፋይል ያሳየህ እሱ ነው። ከዚያ «ሴት ፕሪፊክስ» ብለህ፣ እኩል ይሆናል አድርገህ፣ ያንን ቅንፍና ፎልደር ስጠው። ቀጥሎ «ኢንስሞድ ኖርማል»፣ ቀጥሎ «ኖርማል»። የለመድከው ሜኑ ይመጣል። ይህ ለዛሬ ብቻ ማስነሻ ነው፣ ከተነሳ በኋላ ከላይ ያልኩትን ትእዛዝ ስጥ።

ይህም እምቢ ካለ ፍላሽ ያስፈልግሃል። ሚንት ወይም ኡቡንቱ የተጫነበት፣ ሳይጭኑ የሚሞከርበት ዓይነት። ቡት ሜኑው ላይ ያው ፍላሽ ሁለት ጊዜ ሊታይ ይችላል፣ አንዱ ዩኢኤፍአይ (ባዮስን የተካው አዲሱ የማስነሻ ስልት) የሚል ቃል ከፊቱ አለ፣ ሌላው የለውም። ድሮ የተጫነው ሲስተም በየትኛው ስልት እንደሚነሳ አውቀህ ያንኑ ምረጥ። በባዮስ የሚነሳውን ማሽን በዩኢኤፍአይ ገብተህ ልትጠግን ስትል ሌላ ችግር ትፈጥራለህ። ከገባህ በኋላ «ኤልኤስቢኤልኬ» ብለህ ዲስኮቹን በመጠናቸው ለይ፣ ፍላሹ ራሱ ከመሃል ተሰልፎ ታገኘዋለህ። የሊኑክሱን ፓርቲሽን ኤምኤንቲ የሚባለው ፎልደር ላይ ማውንት አድርግ (አያይዘው)፣ ከዚያ ግረብ-ኢንስቶልን የቡት-ዳይሬክተሪውን ወደ ኤምኤንቲ ሥር ወዳለው ቡት ጠቁመህ አስኪደው። መጨረሻ ላይ የምትሰጠው የዲስኩ ስም ነው፣ ኤስዲኤ ብቻ። ከኋላው 1 ቁጥር ከጨመርክ ፓርቲሽን ሆነ፣ ተሳሳትክ። ይህ ትእዛዝ ኮሩንም ሞጁሎቹንም አንድ ላይ ስለሚጽፍ ቁልፍና ጓጉንቸሩ ይገጥማሉ።

አንዳንድ ማሽን ላይ እዚሁ ጋር «ኢምቤዲንግ ኤሪያው (ያቺ ኮሩ የሚወሸቅባት ባዶ ቦታ) ትንሽ ነው፣ ኮሩ አይገባም» የሚል ስህተት ይመጣል። ይህን ስታይ ዲስኩ በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተከፋፈለ መሆኑን ጠርጥር። በዚያ ዘመን የመጀመሪያው ፓርቲሽን የሚጀምረው ከሴክተር 63 ነበር። ከፊቱ የሚቀረው ባዶ ቦታ 62 ሴክተር፣ 31,744 ባይት ነው። አሁን ከሴክተር 2048 ስለሚጀምር አንድ ሜጋባይት ገደማ ይተርፋል። ግረብ እየወፈረ መጣ፣ ጎጆው ግን ያው ናት። «ኤፍዲስክ» ከሰረዝ ኤል ጋር ብለህ ስታርት የሚለውን ዓምድ እይ፣ 63 ካለ ምክንያቱ ይህ ነው። ጂፓርትድ በሚባለው ፕሮግራም ፓርቲሽኑን ወደ ፊት መግፋት ይቻላል፣ ሰዓታት ይፈጃል፣ መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ዳታው ቀለጠ። ዩፒኤስ ከሌለህ አታስበው። እኔ ዳታውን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ እንደ አዲስ መከፋፈልን እመርጣለሁ። አዎ፣ ይሄ ፎርማት ነው። ግን ምክንያቱ ታውቆ፣ ዳታው ወጥቶ ነው።

ግረብን አለጥፋቱ የምንከስበት ጊዜም አለ። አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ የሰዓቷ ባትሪ፣ ያቺ ሳንቲም የምታክለው ሲአር 2032፣ ስታልቅ መብራት በሄደ ቁጥር ባዮሱ ሁሉን ይረሳል። የማስነሻ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የዲስኩ ስልትም ከኤኤችሲአይ ወደ ሬይድ ወይም አይዲኢ ይዞርና ዊንዶው ሰማያዊ ስክሪን ይሰጥሃል። ምልክቱ ሰዓቱ ነው። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ካገኘኸው ምንም ነገር ከመንካትህ በፊት ባትሪውን ቀይር። ሲሸጥ 3 ቮልት ናት፣ በቴስተር ለክተህ ከ 2.8 በታች ካገኘሃት አትመናት። ኬብልም አለ። አንዴ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ሽቅብ በሚኒባስ ተጭኖ የመጣ ሳጥን ዲስኩ ጭራሽ አልታይ ብሎ ግማሽ ቀን ከግረብ ጋር ስታገል ዋልኩ፣ ለካ መንገዱ ሳታ ኬብሉን አላልቶታል። ተጭኜ አስገባሁት፣ ተነሳ። ገንዘብ ለመቀበል እንኳን አፈርኩ።

ሊኑክሱ ተነስቶ ዊንዶው ከሜኑው ከጠፋ አትደንግጥ፣ ዲስኩ ላይ አለ። ከግረብ 2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው ኦኤስ-ፕሮበር በነባሪ ተዘግቷል። ኢቲሲ ውስጥ ዲፎልት ሥር ያለውን የግረብ ፋይል ክፈትና ግረብ-ዲሴብል-ኦኤስ-ፕሮበር የሚለውን መስመር ፎልስ አድርገው (ቃላቱ በትልልቅ ፊደል፣ በመካከላቸው የታች ሰረዝ)፣ መስመሩ ከሌለ ጻፈው፣ ከዚያ «ሱዶ አፕዴት-ግረብ»። ትንሽ አዲስ የሆኑት፣ ሴኪዩር ቡት (የማይታመን ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክል መቆለፊያ) ያላቸው ማሽኖች ላይ «ኤስባት» የሚል ቃል ያለበት «ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ ቫዮሌሽን» ካየህ ደግሞ፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የወጣ የዊንዶውስ አፕዴት አሮጌ የሊኑክስ ማስነሻዎችን እንዳይነሱ ከልክሎ ነበር። ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፋ፣ ሊኑክሱን ግባና አድስ፣ ከዚያ መልሰው።

ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ፣ ሰማዩ እያጉረመረመ አፕዴት አትጀምር። ጀምረህ መሃል ላይ መብራት ከሄደብህ፣ ሲመጣና ማሽኑ ከተነሳ «ሱዶ ዲፒኬጂ» ብለህ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር፣ ሰረዝ ኤ ጨምርበት፣ የተቋረጠውን ይጨርሰዋል። ከመጀመርህ በፊት የዲስኩን የመጀመሪያ አንድ ሜጋባይት በዲዲ ትእዛዝ ወደ ፍላሽ ገልብጥ፣ የቡት ግረብን ፎልደርም አብረህ። አንዱን ያለ አንዱ ይዘህ አይጠቅምህም። ያቺ አንድ ሜጋባይት ውስጥ የፓርቲሽን ሰንጠረዡም ስላለ፣ በመሃል ፓርቲሽን ከነካካህ እሷን መልሰህ አትጻፍ።

የእትዬን ሳጥን ከመዝጋቴ በፊት ባትሪውንም ቀየርኩት። ከዚያ ማርከር ተውሼ ጎኑ ላይ «የሚነሳው ከኤስኤስዲ፣ እምቢ ካለ ኤፍ 12» ብዬ ጻፍኩ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና ከሥሩ በራሳቸው እጅ «ፎርማት ክልክል ነው» ብለው ጨመሩበት።