አቼቶ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

አቼቶ የማይገኝበት ኩሽና ጥቂት ነው። ሰላጣ ላይ ይደረጋል፣ ውሃ ማፍያ ይታጠብበታል፣ መስታወት ይወለወልበታል። ሥራውን የሚሠራው ውስጡ ያለው አሴቲክ አሲድ ነው። ለምግብ የሚሸጠው አቼቶ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ አሲድ አለው፤ የቀረው ውሃ ነው ማለት ይቻላል። ደካማ አሲድ ስለሆነ ለብቻው እምብዛም አያስቸግርም። ጣጣው የሚመጣው ከማይስማማው ነገር ጋር ሲገናኝ ነው።

ሽንት ቤት ሲታጠብ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ያንቃል

ከሁሉ በፊት ይህን እወቁ። አቼቶ በረኪና ላይ ከተጨመረ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አሲድ ሲነካው የሚሆነው ይኸው ነው። ሎሚም ያው ነው። አንዱን አፍስሶ በደንብ ሳያለቀልቁ ሌላውን ማስከተልም እንደ መቀላቀል ይቆጠራል። «ሁለቱም ያጸዳሉ፣ አንድ ላይ ቢሆኑ ደግሞ ይብሳሉ» የሚለው ሐሳብ ነው ሰውን የሚጎዳው።

ወዲያው ውጡ፤ በሩን ክፍት ተዉት። የተቀላቀለውን ልድፋ ብላችሁ አትመለሱ። ክሎሪን ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ አካባቢ ይቆያል፤ ሕፃናትን አርቁ። ዓይን በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ስለሚችል፣ ሳሉ ካልተወ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። አስም ያለበት ሰው ግን እስኪብስበት አይጠብቅ።

ውሃ ማፍያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል፣ ቶሎም አያፈላም

የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣበት አካባቢ ይህ የተለመደ ነው። ውሃው ውስጥ የሟሟው ካልሲየም ሲሞቅ ካልሲየም ካርቦኔት ሆኖ ይጋገራል። አቼቶና ውሃ እኩል አድርጋችሁ ቅርፊቱን እስኪሸፍን ጨምሩ፣ አሙቁት፣ ከሶኬት ንቀሉና ግማሽ ሰዓት ተዉት። አረፋ ካያችሁ ሥራው ተጀምሯል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አረፋው ቆሞ ቅርፊቱ ከቀረ አሲዱ አልቋል ማለት ነው፤ ደፍታችሁ አዲስ አድርጉ። በቢላ አትፋቁት። ከዚያ ንጹሕ ውሃ አንድ ሁለቴ አፍልታችሁ ድፉ፤ አለዚያ የነገው ሻይ አቼቶ አቼቶ ይላል።

ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ቀላቅዬው አረፋ ብቻ ሆኖ ቀረ

አሲዱና ሶዳው ተጣፍተዋል። የቀረው ሶዲየም አሴቴት ያለበት ውሃ ነው። አረፋው ለዓይን ደስ ይላል፤ ቅባት ግን አያወጣም። ቅርፊትና ዝገት ከሆነ አቼቶ፣ ቅባት ከሆነ ሶዳ፣ ለየብቻ ተጠቀሙ።

የእብነ በረድ ወለል ደበዘዘ

እብነ በረድ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። አቼቶ የውሃ ማፍያውን ቅርፊት እንደሚበላ እሱንም ይበላዋል። በማጠብ አይመለስም፤ ባለሙያ እንደገና ያለስልሰው። የአሉሚኒየም ድስት ላይም አቼቶ ያለበት ምግብ አይደር፤ ድስቱን ይበላዋል፣ ምግቡም ብረት ብረት ይላል። ብርጭቆ ወይም ሸክላ ይሻላል።

ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ንፍጥ ያለ ነገር ተንሳፈፈ

አትድፉት። አቼቶ የሚሠራበትን አልኮል ወደ አሲድ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች የሠሩት ነው። በጨርቅ አጥልላችሁ ተጠቀሙ። ቀለም ያለው ሻጋታ ካበቀለ ግን ይደፋ።

ላቦራቶሪ ያለው አሲድ በረዶ ሆኖ አደረ

ይህ የወጥ ቤቱ አይደለም። ንጹሕ አሴቲክ አሲድ ከ16.6 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይረጋል፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ከተማ በቀዝቃዛ ክፍል ካደረ ሊያጋጥም ይችላል። አልተበላሸም። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁማችሁ ቀስ ብላችሁ አቅልጡት። እሳት አጠገብ ግን አታድርሱት፤ ትነቱ ከ39 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ ሊቀጣጠል ይችላል።

ስትበርዙት ውሃውን አስቀድማችሁ አሲዱን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። የአሲድ ጓንትና የዓይን መከላከያ አይቅር። ቆዳ ከነካ ልብሱን አውልቃችሁ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እጠቡ፤ ቁስሉ ላይ ሶዳ አትነስንሱ። መጀመሪያ ላይ ምንም ባይመስልም በኋላ ውሃ ሊቋጥር ስለሚችል ለሐኪም አሳዩት።