በስቴሮይድ ቅባት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ባዶ ቱቦ መድኃኒት ቤቴ ባንኮኒ ላይ አስቀምጣ «ወንድሜ፣ ይህንኑ ስጠኝ» የምትል ደንበኛ ሳትመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ቱቦው ላይ ክሎቤታሶል 0.05 በመቶ ይላል። «እህቴ፣ ለምንሽ ነው?» ስላት፣ «ለፊቴ፤ ማድያት አስቸገረኝ» ትላለች።

ክሎቤታሶል ከስቴሮይድ ቅባቶች በጣም ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሚታዘዘው ለጠና ችፌና ለሶሪያሲስ (ቆዳን የሚያቀላና የሚያስቀርፍ ሕመም)፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ነው። ስቴሮይድ ወደ ቆዳ ሕዋስ ዘልቆ ቁጣ የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች እንዳይመረቱ ያፍናል፤ የደም ሥሮችንም ያጠባል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ይጠራል፣ ጎረቤትም «ምን ተቀባሽ?» ይላል። ወራት ሲቆጠሩ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ክር ብቅ ይላሉ፣ ፊት በብጉር ይሞላል፤ ጉንጯ ላይ ጸጉር የሚበቅልባትም አለች። ስታቆመው ፊቷ በርበሬ መስሎ ይለበልባታል። መልሳ ትቀባዋለች፣ ይበርድላታል፣ መድኃኒቱንም ታመሰግናለች! ያመጣባት እኮ እሱ ራሱ ነው። እኔ አልሸጥላትም፤ ብትቆጣም ትቆጣ። ለረጅም ጊዜ ስትቀባ የኖረች ከሆነ ግን እንዴት እንደምታቆመው የቆዳ ሐኪም ይምራት።

በፈንገስ የሚመጣውን ጭርት ችፌ ብሎ ስቴሮይድ መቀባት ሌላው ስህተት ነው። ይህንን እኔም አጥፍቻለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት የልጇን ክንድ አሳየችኝ፤ ክብ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሀሉ የጠራ። ቤታሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ ሰጠኋት። ማሳከኩ በሦስት ቀን ቀነሰ። በወሩ ስትመለስ ክንዱን አዳርሶታል፤ ያ ክብ ጠርዝ ደብዝዞ ሐኪሙን እንኳ አደናገረው። ስቴሮይዱ የቆዳውን መከላከያ አስተኝቶ ለፈንገሱ ሜዳውን ለቆለታል። ዛሬ ክብ ነገር ሳይ እጄን እሰበስባለሁ።

ዓይን ቆብ ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቀባም። ዳይፐር ሥር መቀባትም መድኃኒቱ አብዝቶ ወደ ሰውነት እንዲሰርግ ያደርጋል።

ቅባቱን ከልክ በላይ የሚፈሩት ደግሞ አሉ። ለሕፃን ችፌ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ማለትም ለስለስ ያለ ስቴሮይድ፣ ታዞላቸው በቁንጥር ይቀባሉ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከአዋቂ ሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የተዘረጋ ቅባት ግማሽ ግራም ገደማ ይሆናል፤ ከነጣቶቻቸው የሁለት አዋቂ መዳፍ ያህል ቆዳ ይሸፍናል። አንዲት እናት በቅርቡ 15 ግራሙን ቱቦ «ዓመት ሙሉ በቃኝ» ብላ በኩራት አሳየችኝ። ልጁ እቅፏ ውስጥ ሆኖ የጉልበቱን መታጠፊያ ያካል።