ዲስትሪቢዩትድ ሲስተምስ ለጀመሩ የማስተርስ ተማሪዎች፦ ከየት እንነሳ?

ሐዋሳ ውስጥ ዲስትሪቢዩትድ ሲስተምስን፣ ማለትም በኔትወርክ ተገናኝተው እንደ አንድ የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮችን የሚያጠናውን ኮርስ፣ የያዙ የማስተርስ ተማሪዎችን ላብራቶሪ ላይ አግዛለሁ። ሴሚስተሩ ሲጀመር ሁሉም የሚጠይቁኝ ስንት ፔፐር ማንበብ እንዳለባቸው ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት አንድ ጥያቄ እንዲይዙ እፈልጋለሁ፦ መልስ ያልሰጠኝ ማሽን ሞቷል ወይስ ዘግይቷል?

መብራት ሲሄድ ላባችንን ብታዩት ይገባችኋል። ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ስዊች ወዲያው ይጠፋል፣ ላፕቶፖቹ በባትሪ ይቀጥላሉ። ሁሉም እየሠሩ ነው፤ እያንዳንዱ ግን ሌሎቹ የሞቱ ይመስለዋል። የኮርሱ ክብደት ያለው እዚህ ነው።

ንባቡን የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሌስሊ ላምፖርት ስለ ክስተቶች ቅደም ተከተል ከጻፈው የ1978 ፔፐር ጀምሩ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኮምፒውተር አትክፈቱ። ወረቀት ላይ ለሦስት ማሽኖች ሦስት ቋሚ መስመሮች አስምሩ፣ መልእክቶቹን በቀስት አገናኙ፣ ለእያንዳንዱ ክስተት በየማሽኑ በአንድ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር ስጡ። መልእክት የተቀበለው ማሽን የራሱንና የመጣለትን ቁጥር አወዳድሮ በትልቁ ላይ አንድ ይጨምራል። ከዚያ የትኛው እንደቀደመ ሊባል የማይቻል ሁለት ክስተቶች ፈልጉ። ቁጥሩ ያነሰ ሁሉ ቀድሞ ተፈጽሟል ማለት አይደለም፤ ይህን በእጃችሁ ሠርታችሁ ካላያችሁት ፈተና ላይ ያሳስታችኋል።

ቀጥሎ የፊሸር፣ የሊንችና የፓተርሰን የ1985 ውጤት አለ። መልእክት ምን ያህል እንደሚዘገይ ገደብ በሌለበት ኔትወርክ፣ አንድ ማሽን ብቻ እንኳ ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ዕጣ (የዘፈቀደ ምርጫ) ሳይጠቀም ማሽኖቹን ሁልጊዜ በአንድ ውሳኔ ላይ ከስምምነት የሚያደርስ አልጎሪዝም የለም። ማረጋገጫውን በአንድ ንባብ ለመጨረስ አትታገሉ፤ የተነሳበትን ግምት ግን አጥብቃችሁ ያዙ።

ዋናውን ጊዜ ለራፍት ስጡት፤ ራፍት ማሽኖች በድምፅ አንድ መሪ መርጠው በአንድ ዓይነት ዳታ ላይ እንዲስማሙ የሚያደርግ አልጎሪዝም ነው። ከእሱ በፊት የነበረው የስምምነት አልጎሪዝም ፓክሶስ ለመረዳት ስለሚከብድ ኦንጋሮና አውስተርሀውት በ2014 ለተማሪ እንዲቀል ብለው ያወጡት ነው፤ ፔፐሩ በነጻ ይወርዳል። አልጎሪዝሙ የተጠቃለለበትን ሁለተኛውን ሥዕል አትሙና ጠረጴዛችሁ ላይ ለጥፉት። እኛ ኮድ ከመጻፋችን በፊት ፍቅር ሐይቅ ዳር ተቀምጠን በሰው እንጫወተዋለን፦ አምስት ሰው አምስት ማሽን ይሆናል፣ መልእክት በቁራጭ ወረቀት ይጻፋል፣ ስድስተኛው ኔትወርክ ሆኖ የፈለገውን ወረቀት ያዘገያል ወይም ይጥላል። ከአምስቱ ሦስቱ ከተስማሙ ሥራው ይቀጥላል፤ ሁለት ቢሞቱም ችግር የለም። መሪው ድምፁ ሲጠፋ ሁሉም እኩል ጠብቀው ራሳቸውን ለምርጫ ሲያቀርቡ ድምፁ ይከፋፈላል፤ ፔፐሩ የመጠበቂያውን ጊዜ ከ150 እስከ 300 ሚሊሰከንድ በዘፈቀደ የሚያለያየው ለዚህ መሆኑ ያን ጊዜ ግልጽ ይሆናል።

ኮዱን ጎ (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፉት። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ (MIT) የላብ ሥራዎች ከነመፈተሻ ፕሮግራማቸው ለሁሉም ክፍት ናቸው። ብዙ ማሽን አያስፈልግም፤ በአንድ ላፕቶፕ ላይ አምስት ፕሮሰስ (ለየብቻ የሚሠሩ ፕሮግራሞች) ይበቃል። ድምፅ የሰጠ ማሽን መልሱን ከመላኩ በፊት ለማን እንደሰጠ ዲስክ ላይ መጻፍ አለበት። ካልጻፈ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ይረሳውና በዚያው የምርጫ ዙር ለሌላ ይደግማል፤ በአንድ ዙር ሁለት መሪ የሚወጣው እንዲህ ነው።

ብዙዎች መሪውን ገድለው አዲስ ሲመረጥ ካዩ ኮዳቸውን ፈትነው የጨረሱ ይመስላቸዋል። አልጨረሱም። በሊኑክስ የስቶፕ ሲግናል (SIGSTOP) ልካችሁ መሪውን አስቁሙት፣ ሌላ እስኪመረጥ ጠብቁ፣ ከዚያ በኮንት ሲግናል (SIGCONT) ቀስቅሱት። አሁንም መሪ ነኝ ብሎ ይነሳል! አዲስ ነገር ልጻፍ ቢል የዙር ቁጥሩ አሮጌ ስለሆነ ሌሎቹ አይቀበሉትም፤ ይወርዳል። ግን በዚያች ቅጽበት ደንበኛ የንባብ ጥያቄ ቢልክለትስ? ብዙኃኑን ሳይጠይቅ ከራሱ ከመለሰ ያረጀ ዳታ ሰጠ ማለት ነው። ኮዳችሁ ይህን እስኪያልፍ ወደ ሌላ ፔፐር አትሂዱ።

ስለ ቴሲስ፦ ርዕስ ስትመርጡ ብሎክቼን ስለተወራለት ብቻ አትግቡበት። የጻፋችሁትን ራፍት ያዙና አንድ ነገር ለኩ፤ ለምሳሌ ኔትወርኩ በየጊዜው ሲቆራረጥ የምርጫ መጠበቂያውን ማርዘም ሥራው የሚቆምበትን ጊዜ ይቀንሳል ወይስ ይጨምራል? የመጀመሪያውን ግራፍ አትማችሁ ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት አማካሪያችሁ ጋ ይዛችሁ ግቡ።