ጥንታዊ ግንብ ሲጎበኙ ከውጭ ይጀምሩ

የመካከለኛው ዘመን ግንብ ለመጎብኘት ከሄዱ፣ ወደ ማማው ከመውጣትዎ በፊት ቅጥሩን ከውጭ በኩል አንድ ጊዜ ቢዞሩት ይመረጣል፤ መግቢያው ለምን እንደጠበበና ማማዎቹ ለምን ከግድግዳው ወጣ ብለው እንደተሠሩ በግልጽ የሚታየው አጥቂው ከሚቆምበት ቦታ ነውና። ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ቀና ብለው ግድግዳውን ይመልከቱ። በዌልስ እንደሚገኘውና ከ1283 እስከ 1287 እ.ኤ.አ. እንደተገነባው የኮንዊ ግንብ ባሉት፣ ጣሪያና ወለላቸው በፈረሰ ክፍሎች ውስጥ፣ በመስመር የተደረደሩ ቀዳዳዎችና ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ የቀረ የእሳት ማንደጃ ሊያዩ ይችላሉ፤ ቀዳዳዎቹ የወለሉ አግዳሚ እንጨቶች የሚገቡባቸው ስለነበሩ፣ በዚያ ከፍታ ሰው የሚኖርበት ፎቅ እንደነበረ ያሳያሉ፤ ለእኔ ከጉብኝቱ ሁሉ እጅግ የሚማርከኝ ይህ ነው። ጠመዝማዛዎቹ የድንጋይ ደረጃዎች ስለሚያዳልጡ፣ ሲወርዱ መርገጫው ሰፋ የሚልበትን የውጭኛውን ግድግዳ ይዘው ይውረዱ።