ለመሠረት የሚገዛ ድንጋይ፦ የካባውን የሥራ ሁኔታ ከግዢ በፊት እንዴት መመርመር ይቻላል

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአቃቂም ሆነ በለገጣፎ ወይም በቡራዩ በኩል፣ የራሱን ቤት የሚሠራ ሰውም ሆነ የማኅበር ቤት የግዢ ኮሚቴ አባል የመሠረት ድንጋይ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ በስልክ ነው። ደላላው የአንድ ቢያጆ፣ ማለትም የአንድ ሙሉ መኪና ጭነት፣ ዋጋ ይናገራል፤ ገልባጩ መኪና ማታ መጥቶ ጭነቱን ያራግፋል፤ ሾፌሩም ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ገዢው ስለ ድንጋዩ ጥንካሬና ስለ ጭነቱ ሙላት ይከራከራል እንጂ በካባው፣ ማለትም ድንጋዩ ተቆፍሮ በሚወጣበት ቦታ፣ ድንጋዩን ማን እንደፈለጠው፣ ስንት እንደተከፈለውና በምን ዓይነት ገደል ሥር ቆሞ እንደሠራ አይጠይቅም። ይህ መመሪያ ያንን ጥያቄ ማንን፣ መቼና እንዴት መጠየቅ እንደሚገባ ያሳያል።

ስለ ማዕድን አመጣጥ በዓለም ገበያ የወጡት ሕጎች በዋናነት የሚመለከቱት ሌሎች ማዕድናትን ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ የሚያስገድደው ወርቅ፣ ቲን፣ ታንታለምና ተንግስተን የሚያስገቡ ድርጅቶችን ነው። ሆኖም የእኛ ገዢ ከአውሮፓው አስመጪ የተሻለ ዕድል አለው። ከጉጂ ቀንጢቻ የሚወጣ ታንታለም የስልክ አካል እስኪሆን ድረስ ብዙ እጅ ያልፋል፣ በማጣሪያ ፋብሪካም ከሌላ አገር ማዕድን ጋር ሊቀላቀል ይችላል፤ የካባ ድንጋይ ግን ከአንድ ጉድጓድ ተጭኖ በዚያው ቀን ደጃፍ ላይ ይራገፋል። ከዚህ የሚለየው ጠጠር ነው። ክሬሸር፣ ማለትም የድንጋይ መፍጫ፣ ከበርካታ ካባዎች ድንጋይ ሊቀበል ስለሚችል የ01 ወይም የ02 (በመጠን የሚለያዩ) ጠጠር የሚገዛ ሰው «ጥሬ ድንጋዩን ከየትኞቹ ካባዎች ነው የምትቀበሉት?» ከሚለው ጥያቄ መጀመር ይኖርበታል።

ከደላላው የሚፈለገው የመጀመሪያው መረጃ የካባው ትክክለኛ ቦታና የባለፈቃዱ ስም ነው። «ከአቃቂ ነው» የሚል መልስ በቂ አይደለም። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ማዕድን ያለ ፈቃድ ማውጣትን ስለሚከለክል የፈቃዱን ቅጂ ይጠይቁ፤ ቅጂው ላይ የቦታውን ስም፣ የባለፈቃዱን ማንነትና ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀን ይመልከቱ። በዳርቻው ያሉት ካባዎች ከፊሎቹ በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፣ ከፊሎቹ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ስለሚገኙ ወረቀቱን የሰጠው አካል ከቦታው ጋር መጣጣሙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ድንጋዩ ራሱም ጥቂት ይመሰክራል፤ በደቡብ፣ በአቃቂ በኩል የሚበዛው ጥቁርና ከባድ ባዛልት ሲሆን በሰሜን፣ በእንጦጦ በኩል ፈካ ያሉ ትራካይትና ሪዮላይት ይገኛሉ። ደላላው የነገረዎትና መኪናው ያመጣው ካልተስማሙ ሌላ ጥያቄ ሳያክሉ ግዢውን ማቆየት ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ካባው ድረስ መሄድ ነው፤ ይህንን በስልክ ፎቶ መተካት አይቻልም። በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት ይሂዱ። እንደደረሱ ዓይንዎን ወደ ላይ፣ ድንጋዩ ወደሚፈለጥበት ግድግዳ ያንሡ። በእጅ በሚሠራ ካባ ሰውን ፈጥኖ የሚገድለው የግድግዳው መናድ ነው። ሠራተኛው የቆመው ከሥሩ በተቦረቦረና አናቱ ወደ ፊት በተንጠለጠለ ግድግዳ ሥር ከሆነ፣ ወይም አንዱ ከላይ በዲጅኖ ሲፈነቅል ሌላው ከታች የሚሰበስብ ከሆነ፣ ሌላው ነገር ሁሉ ቢያምርም ካባው አደገኛ ነው። ትክክለኛው አሠራር ከላይ ወደ ታች በደረጃ እየቆረጡ መውረድ፣ የላላውን ድንጋይ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማውረድና ከግድግዳው አናት ላይ ያለውን አፈር ወደ ኋላ መግፋት ነው። በክረምት ውኃ በስንጥቁ ገብቶ ዓለቱን ስለሚያላላ ዝናብ በጣለ ማግስት ግድግዳውን ማን እንደሚፈትሽ ካቦውን፣ ማለትም የሠራተኞቹን አለቃ፣ ይጠይቁ። ስም ጠርቶ የሚመልስ ካቦና «እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል ካቦ አንድ አይደሉም።

ቀጥሎ ብናኙን ይመልከቱ። ደቃቁ የድንጋይ ብናኝ፣ በተለይም እንደ ሪዮላይት ካለ ሲሊካ የበዛበት ድንጋይ የሚነሣው፣ ሳንባን የሚያጠብቅ ሲሊኮሲስ የተባለ በሽታ ያመጣል፤ በሽታው አይድንም፣ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው ከዓመታት በኋላ በመሆኑ ዛሬ ጠንካራ የሚመስለውን ጠራቢ አይቶ «ምንም አልሆነም» ማለት አይቻልም። አፍ ላይ የሚጠመጠም ሻሽ ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ውኃ እየረጩ መሥራት፣ ነፋስ ከጀርባ እንዲመጣ አድርጎ መቀመጥና ተገቢ የብናኝ መከላከያ ጭምብል ማድረግ ግን ይረዳል። የዓይን መከላከያ መነጽር መኖሩን፣ እንዲሁም የመሮው አናት በመዶሻ ብዛት ተፈርክሶ እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ ከተፈረከሰ አናት የሚፈናጠር የብረት ስባሪ ዓይን ያጠፋል። መሮን ማስሞረድ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ በመሆኑ የመሮው ሁኔታ ስለ አሠሪው ብዙ ይናገራል።

የክፍያው ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠራቢዎችና ጫኞች ብዙውን ጊዜ የሚከፈላቸው በቁጥር ወይም በጭነት ነው፤ ስለዚህ ቆጣሪው ማን እንደሆነና ሠራተኛው የራሱን ቁጥር የሚያይበት ደብተር መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሠራተኛውን ካቦው በቆመበት አይጠይቁ። ሻይ የምትሸጠው እናት አጠገብ አረፍ ብለው፣ «ወንድሜ፣ ባለፈው የተጎዳውን ሰው ማን አሳከመው? ያልሠራበት ቀንስ ተከፈለው?» ብለው ስለ አንድ የተለየ ጉዳይ ቢጠይቁ፣ «ሥራ እንዴት ነው?» ከሚለው ጥያቄ እጅግ የተሻለ መልስ ያገኛሉ። ድንጋይና ጠጠር የሚሸከሙ ሴቶች ካሉ ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ ያገኙ እንደሆነ ራሳቸውን ይጠይቁ። ቅድሚያ ገንዘብ ወስዶ ዕዳው ስላላለቀ ሥራውን መተው ያልቻለ ሰው ካጋጠመዎት ጉዳዩ ከክፍያ ማነስ አልፎ የግዳጅ ሥራ ይሆናል።

መነሻ የሚሆንዎት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን በጽሑፍ አድርጎ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ የጽሑፍ ውል አለመኖሩ ግን የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። «የቀን ሠራተኛ ነው፣ ውል የለውም» የሚለው የተለመደ መልስ ስለዚህ አሠሪውን ነፃ አያወጣውም።

አዋጁ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ 15 ዓመት የሞላውንና 18 ያልሞላውንም ለሕይወቱና ለጤናው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ ማሰማራት አይፈቀድም። ልጅ ካዩ መጀመሪያ የሚያደርገውን ይለዩ፤ እናቱን ተከትሎ መጥቶ በጥላ ሥር የተቀመጠ ሕፃንና ጠጠር የሚፈልጥ ልጅ የተለያዩ ናቸው፣ ምንም እንኳ ካባ ለሁለቱም የሚሆን ቦታ ባይሆንም። ለመጀመሪያው መፍትሔው ከግድግዳው የራቀ ማቆያ ማዘጋጀት ነው፤ እናቲቱን ማባረር ልጁን ወደ ባሰ ችግር ይወስደዋል።

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ለማዕድን ገዢዎች ያወጣው መመሪያ እዚህ ላይ ጠቃሚ ልዩነት ያደርጋል። የግዳጅ ሥራና አስከፊ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ከተገኘ ግዢው ወዲያውኑ ይቋረጣል ወይም ይታገዳል፤ በሌሎች ጉድለቶች ግን ገዢው ግዢውን እየቀጠለ የሚለካ መሻሻል በጊዜ ገደብ እንዲጠይቅ ይመከራል። በእኔ ግምት ይህ ለዳርቻው ካባዎችም ትክክለኛ መንገድ ነው፤ ጭምብል የለም ተብሎ የተተወ ካባ ለሌላ፣ ምንም ለማይጠይቅ ገዢ ይሸጣል። አንድ ብቸኛ ቤት ሠሪ ብዙ ጫና መፍጠር አይችልም፤ የማኅበር ቤት ኮሚቴ ግን በብዙ ቢያጆ ስለሚገዛ ባለፈቃዱ ያዳምጠዋል። ሲደራደሩም ዋጋውን እስከ መጨረሻው አያውርዱ፤ የወረደው ገንዘብ በመጨረሻ የሚቀነሰው ከጠራቢው ቁጥር ላይ ነው።

የተስማሙበትን በውሉ ውስጥ እንዲህ አድርገው ማስፈር ይቻላል፦ «ሻጩ ድንጋዩን የሚያቀርበው ስሙና የፈቃድ ቁጥሩ ከተጠቀሰው ካባ ብቻ ይሆናል፤ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው በካባው ሥራ ላይ አያሰማራም፤ የሠራተኞችን የሥራ መጠንና ክፍያ የሚያሳይ መዝገብ ይይዛል፤ ገዢው በሥራ ሰዓት ካባውን የመጎብኘት መብት አለው፤ ከዚህ ውጪ የመጣ ጭነት ሳይራገፍ ይመለሳል።» በእያንዳንዱ የማስረከቢያ ወረቀት ላይ የካባው ስም፣ የመኪናው ሰሌዳና ቀኑ እንዲጻፍ ያድርጉ፤ ማታ ጭነቱን የሚቀበለው ጥበቃ ወይም ግንበኛ የውሉ ቅጂ ከሌለው የመጨረሻው ሐረግ ዋጋ ስለማይኖረው፣ ቅጂውን የመጀመሪያው ቢያጆ ከመድረሱ በፊት ይስጡት።